የዕድሜ ልክ ክኒን ከካራማራ ማዶ

በጅግጅጋ መድኃኒት ቤቶች ባንኮኒ ላይ መቀስ አይጠፋም። ሐኪሙ ለወር ያዘዘውን የግፊት ክኒን ገዢው ለዐሥር ቀን ብቻ ሲፈልግ፣ ፋርማሲስቱ እሽጉን በመቀስ ከፍሎ ይሰጣል።

«አዴር፣ ይሄ እኮ የወር ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ለአሁኑ ዐሥሩን ስጠኝ፣ ሲያልቅ እመለሳለሁ።»

ቁራጩ ላይ የመድኃኒቱ ስም ግማሹ ብቻ ይታያል፤ ሚሊግራሙና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን መደርደሪያ ላይ በቀረው በኩል ነው። እንዲህ ያሉት ሽማግሌ ከግፊቱ ሌላ ለስኳሩ ሜትፎርሚን፣ ለደም ቅባቱ አቶርቫስታቲን ታዞላቸዋል። በኪሳቸው ያለው ለሦስቱም አይበቃም። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀር እዚያው ቆመው ይወስናሉ። ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ሕመሙ የማይሰማው ነው፤ የቅባቱ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ካርዳቸው ላይም መድኃኒቱን በአግባቡ እንደማይወስዱ ይጻፋል። የተጻፈው ልክ ነው፤ ግን ምንም አያስረዳም። በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሽንሌና በኤረር ሰዎች የዕድሜ ልክ መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከካርዱ ወደ ኋላ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል። እኔ የማምነው፣ መድኃኒቱ የሚታዘዝበትና የሚሰጥበት መንገድ ከአንድ ቦታ ለማይነቃነቅ፣ ገቢው በወር ለሚቆጠር፣ በሰዓቱ ለሚበላ ሰው የተቀረጸ መሆኑን ነው። የዚህ አካባቢ ሕዝብ ታሪክ ግን የእንቅስቃሴ ታሪክ ነው። በሽታውም የመጣበት ያ እንቅስቃሴ እየቆመ በመጣበት ዘመን ነው።

ሐኪሞች ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚሉት አንድ በሽታ ሳይሆን ተያይዘው የሚመጡ የአምስት ምልክቶች ስብስብ ነው፤ የወገብ ዙሪያ መስፋት፣ የደም ግፊት ከ130/85 ማለፍ፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መሆን፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ቅባት መብዛት፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ማነስ። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው አለበት ይባላል። ስዊድናዊው ሐኪም ኤስኪል ኪሊን እ.ኤ.አ በ1923 ግፊት፣ ስኳርና ሪህ አብረው እንደሚሄዱ ጽፎ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ቫግ እ.ኤ.አ በ1947 ስብ ሆድ አካባቢ ሲከማች አደጋው እንደሚለይ አሳየ። አሜሪካዊው ጄራልድ ሪቨን ደግሞ እ.ኤ.አ በ1988 የሁሉም ሥር ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ መድከም ነው ብሎ አንድ ላይ አሰራቸው። ለታማሚው ግን እነዚህ አምስት ምልክቶች እንደ አንድ ሆነው አይታዩትም። የሚያየው የተለያየ ቀለም ያላቸውን ሦስትና አራት ዓይነት ክኒኖች ነው። «ለስኳሩ፣ ለግፊቱ፣ ለቅባቱ እያልኩ ስንቱን ልዋጥ?» የሚለው ጥያቄ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እ.ኤ.አ በ1962 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ጣሊያናውያን ሐኪሞች በሶማሊያ በረሃ የግመል እረኞችን መርምረው ያቀረቡት ነው። ሰዎቹ ኑሯቸው ወተት ነው፤ ያውም ቅባት ያለው ወተት፣ በብዛት። ሆኖም ኮሌስትሮላቸው አልጨመረም፤ ልባቸውም ጤነኛ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት በኬንያ ሳምቡሩዎችና በማሳዮች መካከል የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ከድንበሩ ወዲህ ያለው እረኛም ኑሮው ያው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፣ ወተት ይጠጣል፣ ሥጋ አልፎ አልፎ ይበላል፣ ክረምት ከበጋ ከውኃና ከሣር ጋር ይንቀሳቀሳል። ያንን እረኛ ከክኒን ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። የባቡር ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነስቶ ደወሌን፣ አይሻንና ሽንሌን አቋርጦ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ሲደርስ ሩዝ፣ ስኳርና የስንዴ ዱቄት በበረሃው መሐል መንገድ አገኙ። በ1909 ዓ.ም ገደማ ጅግጅጋን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተማዋን ቀጥ ባሉ መንገዶች ከፋፍለው ቀየሷት። ጣሊያን ሲመጣ ፓስታ አብሮ መጣ፤ ጣሊያን ሲሄድ ፓስታው ቀረ። እስከ ዛሬ ባስቶ እየተባለ ከሩዝ ጋር የጅግጅጋ ምሳ ነው። ከዘይላና ከበርበራ የሚመጣው ስኳር ሻዩን ጣፋጭ አደረገው።

ያም ሆኖ ሰዉን ከግመሉ የነጠለው ጦርነትና ድርቅ ነው። ጅግጅጋ በ1970 ዓ.ም መጀመሪያ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን በካራማራ ድል ተመለሰች፤ በመካከሉ ከቀዬው የተነቀለው ብዙ ነው። በ1980 ዓ.ም ሐርጌሳ ስትደበደብ ስደተኛው ወደ ሐርቲሼክ ጎረፈ። ሐርቲሼክ በጊዜው ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል ደረሰ፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም ነው። የቀብሪበያህ፣ የአውበሬና የሸደር መጠለያዎች ቀጠሉ። በ2010 ዓ.ም መባቻ ከኦሮሚያና ሶማሌ ወሰን የተፈናቀለው ሕዝብ ባቢሌ አጠገብ ቆሎጂ ላይ ሰፈረ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ወደ ከተማ ዳር መጣ። ሲመጣ የሚጠብቀው ስንዴ፣ ዘይትና ስኳር ነው። ወተቱን እናቶች ለመሸጥ እንጂ ለመጠጣት አይቀዱትም። እግሩ ቆመ፣ ሆዱ ግን እንደ ተጓዥ ሰው መብላት አላቆመም፤ ያውም ከወተት የባሰ ነገር።

ውጤቱ በጅግጅጋ ነዋሪዎች መካከል ተለክቷል። እ.ኤ.አ በ2017 ለኅትመት የበቃ የማኅበረሰብ ጥናት ከከተማዋ አዋቂዎች ከመቶ 28 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ዳሰሳ ያገኘው ከመቶ 16 ያህል ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ አስደንጋጭ ነው። የአርብቶ አደር ክልል ዋና ከተማ ከአገሩ አማካይ በእጅጉ ልቃ ተገኘች ማለት ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ታሪክ ልሂድ። በዚህ አካባቢ ዘመናዊ ሕክምና ለረጅም ጊዜ የመጣው በዘመቻ ነው። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የኢትዮጵያን የመጨረሻ ታማሚ ያገኘው በ1968 ዓ.ም ማብቂያ በኦጋዴን ነው፤ ክትባቱ አንድ ጊዜ ተወግቶ ያለቀ ነገር ነው። ወባ ሲመጣ ክኒን፣ ኮሌራ ሲመጣ ድንኳንና ጉሉኮስ፣ ሕፃናት ሲከሱ አልሚ ምግብ። ሐኪም የሚመጣው አደጋ ሲኖር ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ይሄዳል። ከዚህ ታሪክ የወጣ ሰው «ደህና ሆንኩ» ብሎ ክኒኑን ሲያቆም የተማረውን ነው ያደረገው። መርፌ ይዞት የመጣውን ሕመም ገፍቶለት ያውቃል። ሕመም ሳይኖር በየቀኑ የሚዋጥ ነገር አላየም።

አላየም ስል ግን ከሁለት ነገሮች በስተቀር ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ማለፍ አይገባም። አንደኛው ቢሲዲሞ ነው፤ ከሐረር ወደ ባቢሌና ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ያለው የሥጋ ደዌ ማዕከል። የጀርመኑ የሥጋ ደዌ ረዳት ማኅበር እ.ኤ.አ በ1957 ሲመሠረት የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ቢሲዲሞ ነበር። በዚያ ዘመን ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ዳፕሶን በየቀኑ ለዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። ማዕከሉ ክኒኑን ሰጥቶ ሰዉን ወደ መጣበት አልሸኘም። ቤት፣ እርሻና ሥራ አብሮ ሰጠ። የረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚኖርበት ቦታ እንደሚያስፈልገው ከሰባ ዓመት ገደማ በፊት ግልጽ ነበር ማለት ነው፤ ምንም እንኳ መንደሩ ከሌላው ሰው የመለየት መከራም ቢኖርበት።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርመኛል። አናሌና ቶኔሊ የተባለች ጣሊያናዊት እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ዋጂር ውስጥ በሶማሌ ዘላን አርብቶ አደሮች መካከል የሳንባ ነቀርሳ ታክም ነበር። ያኔ በሐኪሞች ዘንድ የተለመደው አባባል ዘላን የነቀርሳ መድኃኒት አይጨርስም የሚል ነው። እሷ ግን ታማሚዎቹ በሕክምናው ቦታ አጠገብ እንደ አገራቸው ልማድ ጎጇቸውን ቀልሰው፣ ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ፣ በየቀኑ በዓይን እየታዩ መድኃኒታቸውን እንዲውጡ አደረገች። ጨረሱ። ዘዴው ኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ነቀርሳን በክትትል ለማከም ካስፋፋው አሠራር ጋር የሚመሳሰል ነው። ቶኔሊ ኋላ ላይ ከአውበሬ ድንበር ባሻገር ባለችው ቦረማ የነቀርሳ ሆስፒታል ከፍታ ስትሠራ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2003 በዚያችው ከተማ በጥይት ተገደለች። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የናንሰን ሽልማትን ሰጥቷት ነበር። ወዲህ አውበሬና ሸደር ያለው፣ ወዲያ ቦረማ ያለው ሕዝብ ዘመዳማች ነው። ያው ሕዝብ መድኃኒቱ በኑሮው ልክ ሲሰፋለት ለወራት ሳያቋርጥ ወስዶ ድኗል። «ሕዝቡ ቸልተኛ ነው» የሚለውን ለማፍረስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

በእኛ አገር ሌላም ምስክር አለ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ሲሰጥ ብቻውን አልመጣም። አማካሪ ነበረው፣ የጠፋ ታማሚ የሚፈልግ ሰው ነበረው፣ የተለየ ክፍልና መዝገብ ነበረው። የነቀርሳውም የኤችአይቪውም መድኃኒት ታማሚውን ገንዘብ አይጠይቅም። የስኳርና የግፊት መድኃኒት ግን በአብዛኛው በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው የሚሸጠው፤ ጤና ተቋሙ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ገዝቶ፣ ለታማሚው ሸጦ፣ በገንዘቡ ሌላ ይገዛል። ተቋሙ ጋ ሲጠፋ ታማሚው ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ክኒንም አብሮ ወጣ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር የተመረጡት አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ደቡብና ትግራይ ነበሩ። አዝመራ ሰብስቦ በዓመት አንዴ ለሚከፍል ገበሬ የተነደፈ መድን ለሶማሌ ክልል ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ገንዘብ ግን ሁሉንም አያስረዳም። ክኒኑ በነፃ ቢሆን እንኳ የሚያስቆሙት ነገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹም ከመድኃኒቱ ከራሱ ይመጣሉ። ኤናላፕሪል የተባለው በብዛት የሚታዘዝ የግፊት ክኒን ከዐሥር ሰው በአንዱ ገደማ ደረቅ ሳል ያመጣል። ነቀርሳ በሚፈራበት አገር ደረቅ ሳል ተራ ነገር አይደለም። ሻይ ቤት የሚያስል ሰው አጠገብ ማን ይቀመጣል? ታማሚው ሳሉ ከክኒኑ እንደመጣ ካልተነገረው፣ ወይ ነቀርሳ ይዞኛል ብሎ ይደነግጣል፣ ወይ ራሱ ደርሶበት በድብቅ ያቆመዋል። ሜትፎርሚን ሲጀመር ሆድ ያውካል፤ የሽንት ክኒን የሚሉት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በየሰዓቱ ያስነሳል። ከጅግጅጋ ሐረር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ላይ መጸዳጃ እንደ ልብ አይገኝም። በሚኒባስ ከሰው መሐል ተጨንቃ የምትጓዝ ሴት የመንገዷን ቀን ክኒን ትዘላለች። በሳምንት ሦስት ቀን መንገደኛ የሆነች ነጋዴ በሳምንት ሦስት ቀን ትዘላለች።

ጫት ሌላው ነው። ከሰዓት በኋላ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት የሚዘልቀው የበርጫ ሰዓት ምግብን ያስረሳል፤ «ከእራት በኋላ» ተብሎ የተጻፈው ክኒን እራት ከሌለ ሰዓት የለውም። ሌሊቱን እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጠዋት ይረፍዳል፣ የጠዋቱ ክኒንም ከምሳ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ላይ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ አብሮት የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ስኳሩን። ሐኪሙ «ጫት ተው» ብሎ ያልፋል። በርጫ ግን የንግድ፣ የሽምግልናና የወሬ ቦታ ነው፤ ተው የተባለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው ክኒኑን ነው። ጫቱን ባይተውም ክኒኑን በየትኛው ሰዓት ቢውጥ እንደሚሻል መንገር ይቻላል፤ ይህን የሚነግር ግን ብዙ አላይም።

ረመዳንም እንዲሁ ነው። ቁርአን በሱረቱል በቀራህ ታማሚንና መንገደኛን ከጾም ነፃ ያደርጋል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ በ2001 በ13 አገሮች የተደረገው ኤፒዲያር የተባለ ጥናት ዓይነት ሁለት ስኳር ካለባቸው ሙስሊሞች ከመቶ 79 ያህሉ የወሩን ቢያንስ 15 ቀን እንደሚጾሙ አሳይቷል። ጅግጅጋ ከዚህ የተለየች አይደለችም። «አትጹሙ» የሚለው ሐኪም ስለ ጾሙ አይነገረውም። ያልተነገረው ሐኪም ደግሞ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን መጠኑን ሳይቀንስ ይተወዋል፤ ይህ ክኒን ቀን ሳይበላ ለሚውል ሰው ስኳሩን አደገኛ እስከሚሆን ያወርደዋል። አንዴ በጾም ቀን ላብ አጥምቆት፣ ተንቀጥቅጦ የወደቀ ሰው ከዒድ በኋላም ወደ ክኒኑ አይመለስም። ከረመዳን በፊት ካለው ከሻዕባን ወር ጀምሮ ታማሚውን ጠርቶ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ማዛወር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለዚህ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ መመሪያም ከወጣ ቆይቷል። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙት የከተማዋ ክርስቲያኖችም ያው ነው የሚያስፈልገው።

የድንበሩ ኑሮ ደግሞ የራሱን ችግር ይጨምራል። አንድ ታማሚ ጅግጅጋ ሼክ ሐሰን የባሬ ሆስፒታል ይታያል፣ ሳይሻለው ሐረር ሕይወት ፋና ይሄዳል፣ ዘመድ ድሬዳዋ ድል ጮራ ይወስደዋል፣ ወይም ሐርጌሳ ይሻገራል። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ወረቀት ይጽፋል። በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባው መድኃኒት የሕንድ፣ የፓኪስታን፣ የቱርክ ስም አለው፤ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከዱባይ ልጅ የላከው ጠርሙስ ላይ ደግሞ ሌላ ስም አለ። ሜትፎርሚንና ግሉኮፋጅ አንድ መድኃኒት መሆናቸውን ያልተነገረው ሰው ሁለቱንም ይውጣል፣ ሆዱ ይበላሻል፣ ሁለቱንም ያቆማል። የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃል ወይም በአማርኛ ነው። ሶማሊኛ ብቻ የሚያነብ፣ ወይም ጨርሶ የማያነብ ሰው ያንን ፖስታ ይዞ ሰፈር ውስጥ አንባቢ ይፈልጋል። ኢንሱሊን ለሚወስዱት ደግሞ ሙቀቱ አለ፤ ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነፋሻ ናት፣ ሽንሌና ደወሌ ግን ፍሪጅ በሌለበት ቤት ጠርሙሱን የሚያቆይ አየር የላቸውም። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ሸክላ እንደሚረዳ ይታወቃል፤ ይህን ደግሞ ኢንሱሊኑን የሚሰጠው ሰው አብሮ ሊያስተምር ይገባል።

ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ ዋግምትና ቁርአን መቅራት ከክኒኑ ጋር ይወዳደራሉ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። የግመል ወተትን እንኳ በሕንድ ቢካኔር ያሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሞክረው የሚያስፈልጋቸው የኢንሱሊን መጠን መቀነሱን አትመዋል። አደጋው ያለው ሰዎች እነዚህን መጠቀማቸው ላይ ሳይሆን ለሐኪሙ መደበቃቸው ላይ ነው፤ የሚደብቁትም ስለሚቆጣቸው ነው። «ይህ መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል» የሚለውም ወሬ የሚጠፋው በቁጣ አይደለም። ኩላሊቱን የሚጎዳው ሳይታከም የቆየው ግፊትና ስኳር መሆኑን በሶማሊኛ፣ በእርጋታ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መናገር ያስፈልጋል።

ከሌላ አገር አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን ኢራን ጎለስታን በሚባል፣ ቱርክመኖች በብዛት በሚኖሩበት አውራጃ፣ በ236 መንደሮች ለአምስት ዓመት የተደረገና እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ ሙከራ አለ። አስፕሪን፣ አቶርቫስታቲን፣ የሽንት ክኒንና ኤናላፕሪል በአንድ ክኒን ተቀምጠው በቀን አንድ ጊዜ ለመንደሩ ሰው ተሰጡ። ኤናላፕሪል ላስሳለው ሰው ሳል በማያመጣው ቫልሳርታን የተሠራ ሌላ ክኒን ተዘጋጅቶለት ነበር። የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ በሲሶ ያህል ቀነሰ፤ አብዛኞቹም ክኒኑን ሳያቋርጡ ቆዩ። እ.ኤ.አ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያሉትን ጥምር ክኒኖች በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አራቱን ለየብቻ ገዝቶ አንዱን ከሚጥል ታማሚ፣ አንዱን ገዝቶ አራቱን የሚያገኝ ታማሚ ይሻላል።

በጅግጅጋ ይህ ክኒን እስኪመጣ ድረስ የሚጠበቅ ነገር ግን የለም። ግፊቱና ስኳሩ ለተረጋጋ ሰው የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት፣ ለነቀርሳና ለኤችአይቪ የተሠራውን የክትትል መዝገብ ለእነዚህም መጠቀም፣ ጅግጅጋ ላይ የተጻፈ አንድ ደብተር ሐረርና ድሬዳዋም እንዲነበብ ማድረግ፣ በፖስታው ላይ በሶማሊኛ መጻፍ፣ እሽጉ ሲቆረጥም ስሙንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን በእስክሪብቶ ማስፈር። ይህ የመጨረሻው ከእስክሪብቶ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል።